ሰማይን በጆሮ፦ መቆጣጠሪያው በማን እጅ ነው?

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ናሳ በማኅበራዊ ሚዲያ የለቀቀው፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ድምፅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ወፍራም፣ የሚያቃስት የሚመስል፣ አንዳንዱን ሰው ያስበረገገ ድምፅ ነበር። «የብላክ ሆል ድምፅ ተቀዳ» የሚል ወሬም ተከተለው። አድማጩ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ ሕዋ ላይ ማይክሮፎን ተሰቅሎ የተቀረፀ መሰለው። ከፊሉ ደግሞ «አየር በሌለበት ድምፅ ከየት ይመጣል? ፈጠራ ነው» ብሎ አጣጣለው። ሁለቱም ግማሽ እውነት ነበራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምድር 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው የፐርሲየስ የጋላክሲዎች ክምችት ባዶ ቦታ አይደለም፤ በጋላክሲዎቹ መካከል እጅግ የጋለ ጋዝ ሞልቶበታል። መሐሉ ላይ ያለው ግዙፍ ብላክ ሆል ዙሪያውን እየገፋ ይህን ጋዝ ያናውጠዋል፤ በጋዙም ውስጥ የግፊት ሞገድ ይነሣል። በ2003 («ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ባነሣው ምስል ላይ እነዚህ ሞገዶች ታዩ። በጋዝ ውስጥ የሚሄድ የግፊት ሞገድ ደግሞ ድምፅ ነው፤ ክርክር የለውም። ችግሩ አንዱ ሞገድ አልፎ ቀጣዩ እስኪመጣ ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት መፍጀቱ ነው። በሙዚቀኛ ቋንቋ፣ ከፒያኖው መካከለኛ ዶ 57 ኦክታቭ ያህል ወርዷል። በ2022 የተለቀቀው ድምፅ ይህንኑ 57 እና 58 ኦክታቭ ወደ ላይ አንሥቶ ለሰው ጆሮ ያበቃ ነው።

በወሬው ጋጋታ መሐል የተረሳው ይህ ሥራ ለምን እንደተሠራ ነው። የቻንድራ ማዕከል ከ2020 ጀምሮ የሕዋ ምስሎችን ወደ ድምፅ ሲለውጥ ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ አስትሮኖሚን ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ማድረስ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያወጣው መረጃ መሠረት ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የተለያየ ደረጃ ያለው የማየት ችግር አለባቸው። አስትሮኖሚ ደግሞ ከሳይንሶች ሁሉ ይበልጥ በፎቶግራፍ ራሱን የሚያስተዋውቅ ሙያ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ከዋክብት ይሰማሉ ወይ?» የሚለው አይደለም፤ እሱ መልስ አግኝቷል። የሚያከራክረው፣ ዓይነ ስውሩ በዚህ ሥራ ውስጥ አድማጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል ወይስ መረጃውን ራሱ ይመረምራል የሚለው ነው። የሁለቱ ልዩነት የሚወሰነው መረጃው ወደ ድምፅ በሚቀየርበት ሕግ ላይ ሥልጣን ያለው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

ሁለት መንገዶች

መረጃን ወደ ድምፅ የሚለውጡት ሰዎች በሁለት ዋና መንገዶች ይሠራሉ።

የመጀመሪያው መረጃው ራሱ ሞገድ ሲሆን የሚሠራበት ነው። ሞገዱን ማፋጠን ወይም ማዝገም፣ ጆሮ ወደሚሰማው ክልል ማምጣት፣ ድምፅ ማጉያ ላይ መልቀቅ ነው። የፐርሲየሱ ድምፅ ከዚህ ይመደባል። አንዳንዴ ማፋጠንም አያስፈልግም። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ላይጎ የተባሉት ሁለት የአሜሪካ መሣሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙት የስበት ሞገድ ከ35 ኸርዝ ተነሥቶ ወደ 250 ኸርዝ የተስፈነጠረው 0.2 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነበር። ይህ የሰው ጆሮ እንዳለ የሚሰማው ክልል ነው። ግራፉን ሳያዩ ቢያደምጡትም ድምፁ ሁለት ነገሮች እየተሽከረከሩ ተቀራርበው እንደተጋጩ የሚናገር ቅርፅ አለው፤ እየቀጠነና እየጎላ ሄዶ ድንገት ይቆማል።

ሁለተኛው መንገድ ስምምነት ላይ የቆመ ነው። መረጃው ሞገድ አይደለም፤ የብርሃን መጠን፣ የቦታ አቀማመጥ፣ የቀለም ክልል ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ «ብሩህ የሆነው ይጎላል፤ በምስሉ ላይ ከፍ ብሎ ያለው ይቀጥናል፤ ዝቅ ያለው ይወፍራል» ብሎ ይወስናል። ከዚያ አንድ መስመር ምስሉን ከግራ ወደ ቀኝ እየጠረገ ያነባል። የቻንድራ ማዕከል ባልደረባዋ ኪምበርሊ አርካንድ ከአስትሮፊዚክስ ባለሙያው ማት ሩሶና ከሙዚቀኛው አንድሩ ሳንታጊዳ ጋር ሆነው ያወጧቸው አብዛኞቹ ሥራዎች እንዲህ የተሠሩ ናቸው። በክራብ ኔቡላው ሥራ ላይ ለምሳሌ የኤክስሬዩን መረጃ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ለዓይን የሚታየውን ብርሃን ባለክር መሣሪያዎች፣ ኢንፍራሬዱን የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች ይጫወቱታል።

«ታዲያ ይህ ሙዚቃ እንጂ ሳይንስ ነው?» የሚል ይኖራል። የዚህ ጠያቂ ችግር ፎቶውን ያለ ጥያቄ መቀበሉ ነው። ኤክስሬይ ቀለም የለውም፤ ዓይን አያየውም። በቻንድራ ምስል ላይ የምናየው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም የተመደበው በኮምፒውተር ነው፣ በሰው ውሳኔ። በጨረር የመጣ ቁጥር ቀለም ሲለብስ «ምስል» እንለዋለን፤ ያው ቁጥር ድምፅ ሲለብስ «ፈጠራ» ማለት ሚዛናዊ አይደለም። ልዩነቱ ልማድ ነው። ምስሎችን ለማንበብ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሠልጥነናል። ግራፍን በጆሮ ለማንበብ የሠለጠነ ግን ከመቶ አንድ አይገኝም።

ደግሞም በሌላ ሙያ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። የጨረር መለኪያው ጋይገር ቆጣሪ ቀጭ ቀጭ እያለ ነው የሚናገረው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የበሽተኛውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ኦክስጅኑ ሲወርድ ድምፁም አብሮ ይወርዳል፤ ሐኪሙ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ ይሰማዋል። ሕይወት የሚያህል ነገር በጆሮ እየተጠበቀ የኮከብ ብርሃን በጆሮ ሲለካ የሚያስደንቅበት ምክንያት የለም።

አንድ ከመቶ እንዴት ይሰማል?

አሁን የሥራውን ጠባይ ቀረብ ብለን እንየው፤ ሙሉ ክርክሩ ያለው እዚህ ጥቃቅን ነገር ውስጥ ነውና።

ሌሎች ከዋክብትን የሚዞሩ ፕላኔቶች ከሚገኙባቸው ዋና ዘዴዎች አንዱ የኮከቧን ብርሃን መለካት ነው። ፕላኔቱ በፊቷ ሲያልፍ ብርሃኗ ጥቂት ይቀንሳል። ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ፀሐይን በምታህል ኮከብ ፊት ሲያልፍ ቅናሹ 1 ከመቶ ገደማ ነው። ምድርን የሚያህል ከሆነ ከ10,000 አንድ እንኳ አይሞላም።

ይህን መረጃ ቀጥታ ወደ ድምፅ እንለውጥ። የኮከቧ መደበኛ ብርሃን 440 ኸርዝ ይሁን። 1 ከመቶ ሲቀንስ ድምፁ ወደ 435.6 ይወርዳል። በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ አጠገቡ ያለው ርቀት፣ ማለትም አንድ ሴሚቶን፣ ወደ 6 ከመቶ ይጠጋል። ስለዚህ የጁፒተሩ ቅናሽ የሴሚቶን ስድስተኛ ብቻ ነው፤ ያልሠለጠነ ጆሮ ሊያልፈው ይችላል። የምድሩ ቅናሽ ደግሞ 440ን ወደ 439.96 ያወርደዋል። ይህን የሚሰማ ሰው አልተፈጠረም።

መፍትሔው መለጠጥ ነው። ሠሪው «1 ከመቶ ቅናሽ ሙሉ ኦክታቭ ይውረድ» ይላል። አሁን የጁፒተሩ ፕላኔት በግልጽ ይሰማል። ነገር ግን ኮከቧ በራሷ ጊዜ የምታደርገው 0.1 ከመቶ መዋዠቅም አብሮ ተለጥጧል፤ ከሴሚቶን የሚበልጥ ዝላይ ሆኗል። የመሣሪያው ጫጫታ ዜማ መስሎ ይሰማል። አድማጩ ፕላኔት የሰማ ይመስለዋል፤ የሰማው ግን ኮከቧ ላይ ያለን ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ዓይን ላለው ሰው ይህ ችግር በግራፉ ጎን በተጻፈው የመለኪያ ቁጥር ይፈታል፤ መለጠጡን ወዲያው ያያል። ድምፅ ጎን ላይ ቁጥር የለውም።

ሌላም አለ። ጆሯችን ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም፤ ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ይበልጥ ያጎላዋል፤ በጣም ወፍራሙን ያደበዝዘዋል። «ከፍ ያለው ይቅጠን፤ ብሩሁ ይጉላ» በሚለው ሕግ የተሠራ ሥራ ላይ እኩል ብሩህ የሆኑ ሁለት ከዋክብት፣ አንዱ ከምስሉ ታች ሌላው ከላይ ቢሆኑ፣ ካልተስተካከለ በቀር የላይኛው የበለጠ ብሩህ መስሎ ይሰማል። መረጃው ሳይዋሽ ጆሮ ይሳሳታል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር አንድ ነው። ድምፁን አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚሰጥ ሰው ሳይንሱን ሠርቶ ጨርሶ ውጤቱን ነው የሚሰጠው። ማየት የተሳነው ተመራማሪ የሚያስፈልገው ግን መለጠጡን የሚጨምርበትና የሚቀንስበት፣ ወደ ኋላ የሚመልስበት፣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ የሚያደምጥበት መቆጣጠሪያ ነው። ያን ጊዜ «ይህ ፕላኔት ነው ወይስ ጫጫታ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይፈትሻል። በ2022 በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከተገኙት መረጃዎች የተሠራው የፕላኔቱ ዋስፕ-96ቢ ድምፅ ጥሩ ምሳሌ ነው። በፕላኔቱ ከባቢ አየር ውስጥ የውኃ ተን ምልክት የታየባቸው ቦታዎች ላይ የውኃ ጠብታ ድምፅ ገብቷል። ለጆሮ ያምራል፣ ለልጆችም ያስረዳል። ነገር ግን አድማጩ ከመረጃው ውኃን ለማግኘት ምንም ዕድል አልተሰጠውም፤ መልሱ ከጥያቄው ጋር ተበጥብጦ ቀርቦለታል።

ጆሮ የቀደመባቸው ጊዜያት

የሬድዮ አስትሮኖሚ የተወለደው በጆሮ ነው ቢባል አልተጋነነም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ካርል ጃንስኪ በኒው ጀርሲ ለቤል ላብራቶሪ የሬድዮ ስልክን የሚረብሽ ጫጫታ ሲያጣራ በማዳመጫ የሰማው ያልታወቀ የማያቋርጥ ሹክሹክታ ነበር። ጫጫታው በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ እየተመላለሰ ይጎላ ነበር፤ ይህ ምድር ከከዋክብት አንጻር አንዴ የምትዞርበት ጊዜ ነው። የሬድዮ ሞገዱ ከፍኖተ ሐሊብ መሐል ይመጣ እንደነበረ ያወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ቮዬጀር 2 የተባለችው መንኮራኩር በ1981 የሳተርን ቀለበቶች ያሉበትን ጠለል ስታቋርጥ የላከችው የፕላዝማ ሞገድ መረጃ በግራፍ ላይ ዝብርቅርቅ ሆኖ ታየ። ወደ ድምፅ ሲለወጥ ግን በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ተሰማ፤ መንኮራኩሯን የሚመቷት የአቧራ ቅንጣቶች ነበሩ። ቮዬጀር 1 በ2012 ከፀሐይ ተጽዕኖ ክልል መውጣቷም የተረጋገጠው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የዶናልድ ገርኔት ቡድን በያዘው የፕላዝማ ንዝረት ነው፤ የንዝረቱ ቅጥነት የዙሪያዋን ጋዝ እፍጋት ይናገራል።

ዓይነ ስውራን ተመራማሪዎችም ነበሩ፣ አሉም። ኬንት ከለርስ ከልደታቸው ጀምሮ የማያዩ የፊዚክስ ሊቅ ሆነው ከምድር ውጭ ሊመጣ የሚችል የሬድዮ ምልክት ፍለጋውን ሲመሩ ኖረዋል። ስፔናዊው ኤንሪኬ ፔሬዝ ሞንቴሮ በግራናዳ በሚገኘው የአንዳሉሲያ የአስትሮፊዚክስ ተቋም ይሠራሉ። ከሁሉም በላይ የዚህን ዘርፍ መልክ የለወጡት ግን የፖርቶ ሪኮዋ ዋንዳ ዲያዝ መርሴድ ናቸው። ፊዚክስ እየተማሩ ሳለ በሕመም ዓይናቸውን አጡ። በ2005 የናሳው ጎዳርድ ማዕከል ገብተው ኤክስሶኒፋይ በተባለው ሶፍትዌር ሥራ ተሳተፉ፤ በ2013 ከግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። የጥናታቸው ክብደት ያለው ውጤት ዓይነ ስውራንን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ የሚያዩ አስትሮኖመሮችም ግራፉን ከድምፅ ጋር ሲያገኙት በጫጫታ ውስጥ የተደበቀን ምልክት የመለየት አቅማቸው እንደሚሻሻል የሚያሳይ ነው።

ይህን ውጤት ግን ወደ ዘርፉ ሁሉ ማስፋት አይገባም። በ2022 ኔቸር አስትሮኖሚ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ የአኒታ ዛኔላና የባልደረቦቿ ግምገማ ወደ 100 የሚጠጉ ፕሮጀክቶችን ከዘረዘረ በኋላ የጠቆመው ትልቁ ጉድለት በሥርዓት የተፈተኑት ጥቂት መሆናቸውን ነው። ብዙዎቹ ተለቅቀዋል፣ ተወድደዋል፤ ሠርተዋል ወይ ተብሎ ግን አልተለካም። ደግሞ ሁሉም የራሱን ሕግ ይጠቀማል። በአንዱ ሥራ ቅጥነት ከፍታ ነው፣ በሌላው ብርሃን ነው፣ በሦስተኛው የቀለም ክልል ነው። ብሬል በየከተማው የተለያየ ቢሆን ኖሮ ማን ያነበው ነበር?

ጭብጨባውና ገንዘቡ

ተዋንያኑን በፍላጎታቸው ብንከፍላቸው ነገሩ ይጠራል።

የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች የሚፈልጉት በሚሊዮን የሚደመጥ ሥራ ነው። ይህን የምለው ስም ለማጥፋት አይደለም፤ ሥራቸው ነው። ቻንድራም ማየት የተሳናቸው አማካሪዎችን አሳትፏል። ነገር ግን ሥራው በአንድ ቴሌስኮፕ በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2024 መጋቢት የቀረበው የናሳ የበጀት ዕቅድ የቻንድራን ዓመታዊ በጀት ከ68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 41 ሚሊዮን ለማውረድ ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ ቴሌስኮፑ ራሱ ይዘጋ ይሆን የሚል ሥጋት ተነሥቷል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የድምፅ ሥራው ከመጀመሪያዎቹ ተቀናሾች መሐል እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ሁለተኛዎቹ መሣሪያ ሠሪዎቹ ናቸው፤ ጭብጨባ የሌላቸው። በባልቲሞር ያለው የስፔስ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ2020 ያወጣው አስትሮኒፋይ ኬፕለርና ቴስ የተባሉት የሕዋ ቴሌስኮፖች የሰበሰቡትን የከዋክብት ብርሃን መረጃ ማንም ወደ ድምፅ እንዲለውጥ ያስችላል። የአርጀንቲናው ሶኖዩኖ ከሥር መሠረቱ ማየት ከተሳናቸው ተጠቃሚዎች ጋር የተቀረፀ ነው፤ ዲያዝ መርሴድም ተሳትፈውበታል። በእንግሊዝ የጄምስ ትሬይፎርድ ስትራውስ የተባለው የፓይተን ኮድ አለ። ሦስቱም የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነው፤ ሕጉን የሚያወጣው ተጠቃሚው ይሁን ይላሉ። እኔ በዚህ ዘርፍ ወደፊት የሚቆየው ይህ ይመስለኛል፣ ሚሊዮን አድማጭ ባይኖረውም።

ሦስተኛውን ወገን ብዙ ሰው ከድምፅ ጋር አያያይዘውም። የአስትሮኖሚ ጥናቶች በአብዛኛው የሚለቀቁበት አርካይቭ የተባለው ማኅደር እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ በዋናነት በፒዲኤፍ ይሠራ ነበር። የፒዲኤፍ ቀመር በስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ሲነበብ የተበታተነ ፊደል ይሆናል። በ2023 ዲሴምበር ማኅደሩ ጥናቶችን በኤችቲኤምኤል ማቅረብ ጀመረ፤ ዋና ምክንያቱም ተደራሽነት ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ለአንድ ዓይነ ስውር የዶክትሬት ተማሪ ግን ከብላክ ሆሉ ድምፅ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል ብል የሚቃወመኝ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። የኮከብን ብርሃን በጆሮ አድምጦ ስለ ኮከቧ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለ ምን ይረባዋል?

ቅኝቱስ የማን ነው?

በዘርፉ ውስጥ ብዙም የማይነሣ፣ ለእኛ ግን ቅርብ የሆነ ጥያቄ አለ። አብዛኞቹ የሕዝብ ሥራዎች ቁጥሮቹን በነፃ አይለቋቸውም፤ ጆሮ እንዳይሻክር ወደ አንድ የሙዚቃ ስኬል ያስጠጓቸዋል። ስኬሉ ሲመረጥ ስሜትም አብሮ ይመረጣል። የምዕራቡ ሜጀር ስኬል ላደገበት ጆሮ ብሩህ ነው፤ ማይነሩ ያዘነ ነው።

ያንኑ የኮከብ መረጃ በትዝታ ቅኝት ብናወጣው አዲስ አበባ ላይ የተቀመጠ አድማጭ ናፍቆት ይሰማል፤ ኮከቧ ግን አልናፈቀችም። በአንቺሆዬ ብናወጣው ሰርግ ቤት የገባ ሊመስለው ነው። የውበቱ ጥቅም አይካድም፤ ተማሪን ይይዛል። ነገር ግን ወደ አምስት ድምፅ የተሰበሰበ መረጃ በድምፆቹ መካከል የነበረውን ሁሉ ጥሏል፤ ቀደም ሲል ያየነው የሴሚቶን ስድስተኛ እዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ለማስተማሪያ ቅኝት ይፈቀድ፣ ለምርምር ግን ይከልከል የሚለው አቋም ያስኬዳል። ሥራውን የሚለቅ ሁሉ የትኛውን እንደሠራ መናገር አለበት፤ አብዛኞቹ አይናገሩም።

ከዚህ ወዴት?

ሦስት አቅጣጫዎች ይታዩኛል፤ ዕድላቸው እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ገለጻ ነው። ዌብ ቴሌስኮፕ በ2022 ምስሎቹን ሲለቅ በዝርዝር የተጻፈ የምስል መግለጫ አብሮ አውጥቶ ብዙ ተመሰገነ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ስልክ ላይ ያለ መተግበሪያ ማንኛውንም ፎቶ በቃል ይገልጻል። ታዲያ ድምፁ ለምን? ለምስሎች ይህ ክርክር ያሸንፋል ብዬ አስባለሁ። የኔቡላን ቅርፅ ከሦስት ደቂቃ ኦርኬስትራ ይልቅ አራት ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች፣ ከዚያም በላይ በጣት የሚዳሰስ በሦስት አውታር የታተመ ሞዴል ይገልጸዋል። በጊዜ ለሚለዋወጥ መረጃ ግን አያሸንፍም። የኮከብ ብርሃን፣ የስበት ሞገድ፣ የፀሐይ ነፋስ መለኪያ በጊዜ የሚፈስ ነው፤ ጆሮም በሰከንድ ሺህኛ ክፍልፋይ የሚቆጠር ክፍተት የሚለየው በጊዜ ላይ ነው። ደግሞ ገለጻ የሌላ ተመልካች ፍርድ ነው፤ ማሽኑ ያላስተዋለውን አይናገርም።

ሁለተኛው ድምፁ በመሣሪያዎቹ ውስጥ ተራ አማራጭ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ግራፍ የሚያወጣ ሶፍትዌር ሁሉ አጠገቡ «አድምጥ» የሚል ቁልፍ ይኖረዋል። ለዚህ የሚገፋው ነገር ርኅራኄ አይደለም፣ ብዛት ነው። በቺሊ የሚገኘውና በ2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን የለቀቀው የቬራ ሩቢን ታዛቢ ማዕከል በአንድ ሌሊት እስከ 10 ሚሊዮን የሚደርስ የለውጥ ማስጠንቀቂያ እንዲያወጣ ታስቦ ተሠርቷል። ይህን በዓይኑ የሚያይ ሰው የለም፤ ኮድ ያጣራዋል። አስትሮኖሚ ከዓይን ወደ ኮድ በሄደ ቁጥር ማየት የተሳነውና የሚያየው ተመራማሪ የሚለያዩበት ክፍተት ይጠባል። የሚቀረው እንቅፋት የኮድ መጻፊያዎቹ ለስክሪን አንባቢ አለመመቸት ነው፤ ብዙ አስትሮኖመሮች የሚሠሩበት ጁፒተር ኖትቡክ ራሱ በዚህ ሲወቀስ ቆይቷል።

ሦስተኛው አሁን ያለው መቀጠሉ ነው፦ የሚያምሩ ድምፆች፣ አልፎ አልፎ ዓለምን የሚያዳርስ አንድ ቅንጥብ፣ ጥቂት ተመራማሪ። ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የሚያሸንፈው ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሁለተኛው ቀስ እያለ ከሥሩ ያድጋል።

የአዲስ አበባና የጅዳ ሰማይ

በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ዓይነ ስውር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ነው፤ ሕግ፣ ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ልዩ ፍላጎት ትምህርት። የሒሳብና የፊዚክስ በር የሚዘጋው ከችሎታ ማነስ አይደለም። ግራፉ ሰሌዳ ላይ ይሳላል፣ መምህሩ «እዚህ ጋ እንደምታዩት» ይላል፣ ተማሪው ይቀራል። በአንጻሩ በአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ በቃል ይወርዳል፤ ወንበር የሚባለው ቁጥር በ11 ሲባዛ አበቅቴን፣ በ19 ሲባዛ መጥቅዕን ይሰጣል፣ ከ30 በላይ ከሆነ በ30 ይገደፋል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ይህ የጨረቃ ሒሳብ ነው። ደብተር ሳይገለጥ፣ ሰማይ ሳይታይ ሲሰላ ኖሯል።

ኢትዮጵያ ተቋም አላት። በእንጦጦ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ የዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት የምሥራቅ አፍሪካ የአስትሮኖሚ ለልማት ጽሕፈት ቤትም በአዲስ አበባ ይገኛል። የሚቀጥለው ፈተና የሚመጣበት ቀንም ይታወቃል፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በዚያ ዕለት ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በሰሜን አፍሪካ በኩል የግብጿን ሉክሶር አልፎ ሳዑዲ ዓረቢያን፣ የመንንና የሶማሊያን ጫፍ ያቋርጣል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ጅዳ ጨለማው ወደ 6 ደቂቃ ይቆያል። ኢትዮጵያ የምታየው ከፊል ግርዶሽ ነው፤ ሰሜኑ ከደቡቡ ይበልጥ ይሸፈናል።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለ። በሃርቫርድ የተሠራው ላይትሳውንድ የብርሃን መለኪያ፣ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና የማዳመጫ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ሣጥን ነው። ብርሃኑ ሙሉ ሲሆን የፍሉት ድምፅ ይሰጣል፤ ሲደበዝዝ ወደ ክላሪኔት ይወርዳል፤ ሲጨልም ዝግ ያለ ቀጭ ቀጭ ይሆናል። በ2017ቱ የአሜሪካ ግርዶሽ ተጀምሮ በ2019 በቺሊና በአርጀንቲና፣ በ2024 በሰሜን አሜሪካ በመቶዎች ተሠራጭቷል፤ አሠራሩም ለማንም ክፍት ነው። አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው። ዓይን ከብርሃን ለውጥ ጋር ስለሚላመድ ፀሐይ ግማሽ ስትሸፈን ብዙ ሰው ልብ አይልም፤ መለኪያው ግን ይሰማል። ማየት የተሳነው አድማጭ ከአጠገቡ ካለው ተመልካች ቀድሞ ሊነግረው ይችላል።

ችግሩ ሐምሌ ነው። መለኪያው ጨረቃንና ደመናን አይለይም፤ ፀሐይን የሸፈነው ምንም ይሁን ምን ድምፁ ይወርዳል። በክረምቱ እምብርት በአዲስ አበባ ሰማይ ሥር ላይትሳውንድ የሚያሰማው የደመናውን ጨዋታ ይሆናል፤ ከፊል ግርዶሹ በውስጡ ይዋጣል። ጅዳ ግን በዚያ ወቅት ጥርት ያለ ሰማይ ስላላት ሣጥኑ እንደታሰበው ይሠራል፤ እዚያ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ቢያስቡበት ወጪው ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ለአዲስ አበባ የሚሻለው ግርዶሹ እንዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ በጣት በሚዳሰስ ሞዴል ማስተማርና ከጠራ ሰማይ ሥር የሚመጣውን ድምፅ በቀጥታ ማስተላለፍ ነው። ሐምሌ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ወር ስለሆነ ሞዴሉ ሰበታ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትም ሆነ ሌሎች ዘንድ መድረስ ያለበት ከሰኔ በፊት ነው።